አርባ ስምንት ጥርስ ያላት የአቀስታ ሴት

አባቴ እናቴን ሰጥቶ ሌላ ሊለውጥባት ሲማከር የሰማሁት ከጎታ ጀርባ ተቀምጬ ነው። እዚያ ምን ትሠሪ ነበር የሚለኝ ካለ፣ እናቴ ለእንግዳ ብላ የሸሸገችውን ቆሎ እበላ ነበር። ልጅ ነበርኩ። የማይሰርቅ ልጅ ካያችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ይህን ነገር የቀሰቀሰችብኝ የልጄ ልጅ ፈርሂያ ናት። ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ በቤቴ ውስጥ ዋጋ ያልጠየቀችለት ዕቃ የለም። ልጄ የእስላም ልጅ አግብቶ የልጃቸውን ስም እናቷ አወጣችላት። እኔ ማተብ አስሬ ፈርሂያ የምትባል የልጅ ልጅ ማሳደጌ መካነ ሰላም ላይ ወሬ አይሆንም፤ ወሬ የሚያደርገው የሌላ አገር ሰው ነው። ሰሞኑን የአባቴን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ በስልኳ ታነሣዋለች፤ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ሆዱን። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ ሀዲያ ደግሞ አጠገቧ ቆማ ያየችውን ሁሉ ለጎረቤት ታደርሳለች። ሀዲያ ባለችበት ቤት ሬዲዮ አያስፈልግም።

«ኮንሰርቲና ነው ስሙ» አለችኝ ፈርሂያ።

ይሁና። በእኛ ቤት ዕድሜ ልኩን ሳጥን ሲባል ኖሮ በስተርጅና ስም ወጣለት።

ላላየው ልንገረው። በሁለት እጅ የሚያዝ ስድስት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን ነው። መካከሉ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ይሳባል፣ ይገፋል። በግራና በቀኝ ጎኑ ነጫጭ የአጥንት ቁልፎች አሉት፤ እነሱን ሲጫኑ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ልሳኖች በነፋሱ እየተንቀጠቀጡ ይጮኻሉ። አባቴ አካሉ ይህን ሳጥን ጭኑ ላይ አድርጎ ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ ያልዳረው ሙሽራ አልነበረም። እስላሙም ክርስቲያኑም ሠርግ ሲቆርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው አባቴ ቀኑ ክፍት እንደሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሙሽራዋን ቤተሰብ የሚጠይቀው።

እናቴ በለጥሻቸው ግን ሳጥኑን አትወደውም ነበር። ስትጠራውም በወንድ ነው። «ይሄ ሳጥን ይነሣልኝ»፣ «ይሄ ሳጥን የት አሳድሮህ መጣ» ነው የምትለው። አንድ ቀን አባቴ ረስቶ «እስቲ እሷን አቀብይኝ» ቢላት «እሷ ማናት?» ብላ እንዲህ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ወዲያ እሷ ባለችበት ሳጥኑ ወንድ ሆኖ ቀረ። እኔም ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ወንድነቱን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ያን ቀን እናቴ ወንዝ ወርዳለች። ቤታችን የመጣው እንግዳ ሃምሳ አለቃ ፈንታው ይባላል። ደሴ ላይ የጦር ሠራዊት ጥሩንባ ነፊ ነበረ። ጥሩንባ ሲነፋ ኖሮ ከንፈሩ እንደ በሬ ከንፈር ተገልብጧል፤ የሙዚቃ ዕቃ ሁሉ በሽታው ምን እንደሆነ አውቃለሁ የሚል፣ ራሱን የሚወድ ሰው ነው። ጠዋቱን ሙሉ ሳጥኑ ሲጮኽ ቆየና ዝም አለ። ጨዋታው አለቀ ብዬ ቆሎዬን ያዝኩ። ከዚያ ነው ወሬው የጀመረው።

«እንግዲህ ዕድሜዋን ንገረኝ» አለ አባቴ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ጥርሷን ልየው» አለ ፈንታው።

የበቅሎ ዕድሜ በጥርስ እንደሚታይ አውቃለሁ። «ዕድሜዋን» ሲሉ ግን በቤታችን በቅሎ አልነበረችም።

«ሃያ ነበራት፤ ሁለቱ ወልቀዋል» አለ አባቴ።

ቆሎው አፌ ውስጥ ቆመ። እናቴ ሁለት ጥርስ የላትም። አንዱን አንቺን ስወልድ ነው ያጣሁት ትላለች፤ በተናደደች ቁጥር ደግሞ መልሺልኝ ትለኛለች።

«ደረቷስ?»

«ታፏጫለች። ክረምት ሲሆን ይብስባታል።»

እናቴ ጭስ ጎድቷት ክረምት ላይ ደረቷ ሲያፏጭ ከእኔ መኝታ ይሰማ ነበር።

«ምላሷ ናስ ነው» አለ ፈንታው። «ናስ አይዝግም። ግን ለስላሳ ነው፤ ጉልበት የለውም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ተጠራጠርኩ። የእናቴን ምላስ ለስላሳ ነው ያለ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ነገር ግን አባቴ ወዲያው ቀጠለና ጥርጣሬዬን ገደለው።

«ትልቁ ችግሯ እሱ አይደለም፤ ቃሏ አንድ አይደለም» አለ እያማረረ። «ስትስባት አንድ ትላለች፤ ስትገፋት ሌላ ትላለች።»

ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? መንደሩን ሰብስባችሁ ይህች ማናት ብትሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ በለጥሻቸው ይላችኋል።

«አያቴ ከመቅደላ ነው ያመጣት» አለ አባቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እናቴ የተወለደችው ከአምባ መቅደላ ሥር ነው። ዘመዶቿ ሲመጡ ከወንበር የሚነሣላቸው በዚሁ ነው።

ፈንታው ሳቀ። «ዋሽተውሃል ወንድሜ። ሆዷ ውስጥ ቁጥሯን አይቼዋለሁ። አምስት እጥፋት ናት፣ ጥርሷ አጥንት፣ ምላሷ ናስ። ይህች ከመቅደላ ዘመን በኋላ የመጣች ናት። አንድ ነጋዴ አያትህን አታሎ ሰጥቶታል።»

ሰው ሆድ ውስጥ ቁጥር መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ። አልገረመኝም፤ ወታደር የማያየው ነገር የለም ብዬ ተቀበልኩ። የቆጨኝ የእናቴ ዘር መሰደቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛ አገር ያረጀ ዕቃ ሁሉ ከመቅደላ ነው የመጣው። የተሰበረ ወንበር ከመቅደላ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት ከመቅደላ። አርጅቶ ከመቅደላ ያልመጣ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ፈርሂያ የሳጥኑን ቁጥር ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ብትልክለት ያው ፈንታው ያለውን መለሰላት፤ ከመቅደላ በኋላ የተሠራ ነው አላት። ፈንታው በዕድሜው የተናገራት አንዷ እውነት ይህች ናት፤ እሷንም ማንም አላመነውም።

አባቴ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈ። ከዚያ «ታዲያ እንዲህ እንዳለች ምን ታወጣለች?» አለ።

«ለሚያውቃት አንዲት የምትታለብ ላም። ለማያውቃት አንድ ቅል ጠላ» አለ ፈንታው። «ጥርሷን ብታስተክልላት፣ ደረቷን ብታስጠግናት ዋጋዋ ከፍ ይላል። ግን ምን አደከመህ? ለውጣት። አቀስታ፣ የወይዘሮ የሻለም ቤት ያለችውን አላየሃትም? አርባ ስምንት ጥርስ፣ የብረት ምላስ። ስትስባትም ስትገፋትም ቃሏ አንድ ነው።»

 «አይቻታለሁ» አለ አባቴ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«በቃ። አሮጌዋን ስጥ፣ ምራቂ አንድ ጊደር ጨምርበት፣ አዲሷን ይዘህ ና።»

«ጊደርስ አለች። የልጅቷ ዳለቻ።»

ዳለቻ የእኔ ናት። የእናቴ አባት ጡት ስጥል የሰጡኝ ናት። እንግዲህ በአንድ ጠዋት እናቴንም ጊደሬንም ለአቀስታ ሰጡብኝ። መጀመሪያ ያለቀስኩት ለዳለቻ ነው፤ እናቴ ራሷን ትችላለች።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ጥርሱ ነበር። አርባ ስምንት ጥርስ ያላት ሴት እንዴት ነው የምትመስለው? አፏ በአንድ ረድፍ አይበቃውም። ጆሮዋ ድረስ መሄድ አለበት። የብረት ምላስ ደግሞ አላት። እንጀራ እናት ክፉ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በብረት ምላስ የምትልስ ግን አልሰማሁም።

ሮጬ ወንዝ ወረድኩ። እናቴ የታጠበውን ልብስ እየጨመቀች ድንጋይ ላይ ትዘረጋለች።

«እማዬ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

«ምን ሊገባልኝ?»

«ክፈቺ ብቻ።»

ከፈተች። በጣቴ እየነካሁ ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ከዐሥር በላይ መቁጠር አልችልም ነበርና ዐሥር ላይ ስደርስ እንደገና ጀመርኩ። ሦስተኛ ስጀምር ጣቴን ነከሰችኝ።

«ሰው አርባ ስምንት ጥርስ ይኖረዋል?» አልኳት ጣቴን ይዤ።

«እንኳን ሰው ጅብም የለው።»

«የአቀስታ ሴትስ?»

መጭመቋን ተወችና ዞረች። «የአቀስታ ሴት ምን ሆነች?»

የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጥርሱን፣ ደረቱን፣ የሆድ ቁጥሩን፣ የመቅደላውን ስድብ፣ ዳለቻን። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፊቷን እንዲህ አጥብቃ ይዛ ሰማችኝ። ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ለቅሶ መስሎኛል፤ ዛሬ ሳስበው ግን ሳቋን ነው ስትታገል የነበረችው። ስጨርስ ግን ሳቁ ጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የሻለም ብሎ ስሟን ጠርቷል?»

«ጠርቷል።»

«አባትሽስ አይቻታለሁ አለ?»

«አለ።»

ልብሱን ጨምቃ ጨረሰች። ቤት ስንደርስ አንድ ጣሳ እርጎ ሞልታ አስያዘችኝ። «ይህን ለሼህ አብዱራህማን አድርሺ» አለችኝ። ከዚያ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ «የሰማሽውን ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለሼህ አብዱራህማን እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ሼህ አብዱራህማን የዛሬው ሽማግሌያችን የፋሩቅ አያት ናቸው። ከእኛ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበር ቤታቸው። ዒድ ሳይሆን፣ ሰደቃ ሳይኖር እናቴ ለሳቸው እርጎ ልካ አታውቅም፤ ይህን ያስተዋልኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ሼሁ እርጎውን አመስግነው ተቀበሉና «እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ። ይህን ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን እስከ አርባ ስምንተኛው ጥርስ ድረስ ዘረገፍኩላቸው።

«አርባ ስምንት?» አሉ፣ የእርጎው ነጭ ጢማቸው ላይ እንደቀረ።

«ምላሷም ብረት ነው፣ አብዬ ሼህ።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉና ዘንጋቸውን አነሡ። በቀጥታ የወረዱት ወደ ቄስ አስናቀው ቤት ነው። ሁለቱ አንዱ ያለ አንዱ ባልና ሚስት አስታርቀው አያውቁም። ሼሁ የባልን ጥፋት ያወጣሉ፣ ቄሱ የሚስትን፤ በመጨረሻ ባልና ሚስት በሁለቱ ተናደው ይታረቃሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም መጡ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሳጥኑ ከበላዩ ችንካር ላይ በነጠላ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። እናቴ ጓዳ ገብታለች። እኔ ምሰሶው ሥር ተወተፍኩ።

«አካሉ» አሉ ሼህ አብዱራህማን ገና ሳይቀመጡ፣ «አሮጌዋን ልትለውጥ ነው የሚል ሰምተናል። ውሸት ነው በለንና እንሂድ።»

አባቴ ራሱን አከከ። እናቴ ጓዳ ውስጥ መኖሯን ረስቷል መሰለኝ። «የፈንታው አፍ መቼ ያርፋል። ውሸትስ አይደለም አባቶቼ። አስቤበታለሁ።»

«ምን አጠፋች?»

«አላጠፋችም፤ ደከመች። ትንፋሿ አይበቃትም። ሰው በሞላበት ሠርግ መካከል ታቃስትብኛለች።»

«ያደከማትስ ማን ነው?» አሉ ቄስ አስናቀው።

አባቴ ተቆጣ። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ከእኔ በፊት ከአባቴ ጋር ነበረች። ከአባቴ በፊት ከአያቴ ጋር። ሦስት ትውልድ ነው የተፈራረቀባት፣ ድካሙ እኔ ላይ ብቻ ለምን ይላከካል?»

ሼሁ «አስተግፊሩላህ» ብለው ተቀመጡ። ቄሱ አማተቡና መቀመጫ አጡ።

«አባትህ?» አሉ ቄስ አስናቀው ቀስ ብለው። «እኔ ያናዘዝኩት፣ እኔ የቀበርኩት አባትህ?»

«እሱማ ከሁላችንም ይበልጥ ያውቅባት ነበር። አገር ያየው ነገር ነው፤ ምን ያናዝዘዋል?»

«እሱ ይህን ነግሮኝ አያውቅም» አሉ ቄሱ። ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ቃሉን እንጂ የቃሉን ክብደት አላወቅሁም፤ ሽማግሎቹ ለምን እንደነጡ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሼህ አብዱራህማን ነገሩን ወደ መሬት ለማውረድ ፈለጉ። «ሆነ። አልፏል። አሁን ብትለውጣት የት ትወድቃለች?»

«የት ትወድቃለች፣ የሻለም ትወስዳታለች።»

«ምን ልታደርጋት?»

«ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅላት ነው። ለጌጥ።»

ሁለቱ ተያዩ። አባቴ ያዘኑላት መሰለውና አጽናናቸው። «አትዘኑ። አቧራዋን በየሳምንቱ ትወለውልላታለች።»

ይህን ጊዜ አልቻልኩም። «ዳለቻንም ሊሰጣት ነው» ብዬ ከምሰሶው ሥር ጮኽኩ። አባቴ ዞሮ አየኝና አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ወገቧ ላይ አሥራለች። የሽማግሎቹን ጉልበት ስማ ቀና አለች።

«አባቶቼ፣ እኔ ክርክር አልወድም» አለች። የማትወደው ክርክር አልነበረም። «አሮጌዋን በሌላ አልለውጥም፣ የአቀስታዋም ደጄን አትረግጥም፣ እኔም ከእንግዲህ ደጇን አልረግጥም ብሎ ይማልልኝ። ይበቃኛል።»

አባቴ ተነሣ። ዐይኑ እንባ ሞልቶታል። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ። እናቴ ሳጥኑን ከቤት አውጥታ ለመጣል ስትዝት የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ሽማግሌ ፊት ቆማ «አሮጌዋ» እያለች፣ በሴት እየጠራች ትለምንለታለች። ዘመኑን ሙሉ የተጫወተላት ዘፈን በመጨረሻ ልቧ ውስጥ የገባ መሰለው።

«በለጥሻቸው» አለ፣ «አንቺ እንዲህ ትወጃት ኖሯል?»

«እሞትላታለሁ» አለች እናቴ።

ማለ። ከቄሱ መስቀል ተቀብሎ፣ ከሼሁ ዱዓ አሚን ብሎ ማለ። አሮጌዋን አልለውጥም አለ፣ አቀስታዋ ደጄን አትረግጥም አለ። «እኔም ደጇን» የሚለው ላይ ሲደርስ ምራቁን ዋጠ። እናቴ ዐይኗን ሳትነቅል አየችው። «አልረግጥም» አለ።

ሼህ አብዱራህማን እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሹና ወደ እናቴ ዞሩ። «እሰይ። በይ ልጄ፣ ከእንግዲህ ጥርስሽ ወለቀ፣ ደረትሽ አፏጨ ብሎ ከተናገረሽ በቀጥታ ወደ እኔ ነው የምትመጪው።»

«የማን ጥርስ?» አለ አባቴ።

 አባቴ እናቴን አየ፣ ሽማግሎቹን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እጁን ሰድዶ ሳጥኑን ከችንካሩ አወረደና ነጠላውን ገልጦ መካከላቸው አስቀመጠው።

«እኔ እኮ ስለዚህች ነው የማወራው።»

ቄስ አስናቀው ሳጥኑን አዩ። ሼህ አብዱራህማን ቄሱን አዩ። አባቴ ሲያስቀምጠው በአንድ በኩል ተዘንብሎ ኖሮ ሳጥኑ በራሱ ክብደት ተጨቁኖ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። የቀበሩት አያቴ በስሕተት ተጠርጥሮ መቃብሩ ውስጥ ስለተገላበጠ ይቅርታ እየጠየቁት፣ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ሳቁ። ሼሁ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እንግዲያው መሐላው ይነሣልኝ» አለ አባቴ። «በስሕተት ነው የማልኩት።»

ሼህ አብዱራህማን ሳቃቸውን ዋጡ። «አንተ ስትምል አሮጌዋን አልክ እንጂ የትኛዋን አላልክም። ሁለቱንም ይይዛል።»

«ይይዛል» አሉ ቄስ አስናቀው።

እናቴ ለሽማግሎቹ ምሳ ልታቀርብ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ስትሄድ ስታፏጭ ሰማኋት። በደረቷ አልነበረም።

አባቴ አቀስታዋን አላመጣትም። የወለቁትን ቁልፎች የሚተክልለትም በአገሩ አልነበረምና እስኪሞት ድረስ በጎደለ ሳጥን ተጫወተ። ዜማው ከወለቀው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ድምፅ የለም፤ ዘፋኙም ጨፋሪውም ዝም ብለው ትከሻ ብቻ ወርውረው ያልፉታል። ዛሬ የእኛ አካባቢ ወጣት በሠርግ ላይ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል። ከድምፅ ማጉያ ነው የሚዘፍነው፣ ሳጥኑን አይቶት አያውቅም፤ ግን ዝም ይላል። ለምን ብትሉት የድሮ ሰው እንዲህ ነው የሚዘፍነው ይላችኋል። የአባቴ ሳጥን ሁለት ጥርስ መሆኑን አያውቅም።

እኔ ለብዙ ዓመት ነገሩን እንዲህ ነበር የማወራው፤ ሞኝ ልጅ ስለ ሳጥን የተወራውን ስለ እናቷ መስሏት ሽማግሌ አስጠራች እያልኩ። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ለጎረቤት ስናገር እናቴ ሰማችኝና ጎረቤቷ እስክትወጣ ጠበቀች።

«አንቺ እስከ ዛሬ ስለ ሳጥን ብቻ ይመስልሻል?» አለችኝ።

የሻለም የምትባለዋ ባሏ የሞተባት የጠጅ ቤት ባለቤት ናት። ባሏ ከአንድ የእንግሊዝ መኮንን ያገኛትን ያቺን ባለ አርባ ስምንት ጥርስ ትቶላት ሞቷል። አባቴ እሷን ሊሞክር ብሎ አቀስታ ይመላለስ ነበር። የአቀስታ ብርድ ሰው በፈቃዱ የሚመላለስበት ብርድ አይደለም። ሲመለስ ካፖርቱ ላይ ከዓመት በፊት የወደቀው ቁልፍ ተተክሎ አየች። በቀይ ክር። በእኛ ቤት ቀይ ክር አልነበረም።

«ሳጥን ቁልፍ አይተክልም» አለችኝ እናቴ። «ለነገሩ ያቺ ሴት የካፖርቱን ከምትተክልለት የሳጥኑን ብትተክልለት ኖሮ እኔም ባልከፋኝ።»

«ታዲያ ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽውም?»

«ብነግረው ይክዳል። ክዶ ደግሞ በክህደቱ ይጸናል። ሽማግሌ ባመጣ ምን ይዤ? ክር?» አለች። «አንቺ ያን ቀን ጥርሴን ልትቆጥሪ መጣሽ። እግዜር የላከልኝን ምላስ ዝም ላስብለው?»

ያን ጊዜ እርጎው ትዝ አለኝ።

ይኸው እንግዲህ። ፈርሂያ አሁን ሳጥኑን ለአዲስ አበባው ሰውዬ ሰጥታ ለወንድሟ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኦርጋን ልታመጣለት ነው። ይሄ አሮጌ፣ ያኛው መቶ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ ነው ትለኛለች። መቶ ድምፅ ካለው የትኛውን ይመኑታል አልኳት። ሳቀች። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ሆና በስልክ ታወራለች። እኔ መደቤ ላይ ጋደም ብያለሁ፤ የተኛሁ መስሏታል።

«አሮጌ ናት» ትላለች። «ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። ሁለት ጥርስ የላትም፣ ደረቷም ያፏጫል። ምላሷ ግን ደህና ነው፤ ኧረ በጣም ደህና ነው። እኛ አዲስ አበባ ከገባን እዚህ ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው ግን ከወጣች በኋላ መውረድ አያስፈልጋትም። መንገዱን ከቻለችልን ከፋሲካ በፊት እናመጣታለን።»

«ፈርሂያ» አልኳት ከመደቤ ሳልነሣ። «ስለ ማን ነው?»

ደነገጠች። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ስለ ሳጥኑ ነው፣ እማማ።»

ሳጥኑ። በወንድ።

 ዛሬ ጠዋት በማለዳ ተነሥቼ አንድ ጣሳ እርጎ ሞላሁና ሀዲያን ጠራኋት። ትናንት ከእናቷ ጎን ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ለፋሩቅ አድርሺ አልኳት። ከዚያ ጆሮዋን ያዝ አድርጌ፣ የሰማሽውን ለማንም እንዳትናገሪ፣ በተለይ ለፋሩቅ እንዳትናገሪ ብዬ አጥብቄ ነግሬያታለሁ።